በኮድ ወንፈል ተራዬ የደረሰ እሑድ

ደብረ ታቦር ላይ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችን ላሰባስብ ስነሣ ያሰብኩት ለከተማው አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። መምህር መባል አማረኝ። አንድ ወዳጄ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቀቀልን። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና ማስተማር ጀመርኩ። ቤቱን ያከራዩት አሮጊት ሰንበት እንዳንሽር ሰግተው አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ኋላ «ተቀምጦ መስኮት መስኮት ማየት ሥራ አይባልም» ብለው ፈረዱልን።

መጀመሪያ አሥራ አምስት ያህል ሰው መጣ። እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ገብቷችኋል?» ስላቸው «ገብቶናል» ይላሉ። አልገባንም ማለት እኔን ማሳፈር መስሏቸው ነበር። እንዲህ በይሉኝታ ሲነቀንቁ ከርመው አንድ በአንድ ቀሩ። በሁለት ወር ውስጥ አራት ብቻ ቀረን። እኔም ጥፋቱን ከራሴ አውርጄ በከተማው ላይ ጫንኩት፤ ሰዉ መማር አይወድም ብዬ ለሰማም ላልሰማም አወራሁ።

ከአራታችን አንዱ የጋፋት ገበሬ ልጅ ነው፤ አሁን ከተማ ውስጥ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ መረጃ ይመዘግባል። አንድ እሑድ ንግግሬን አቋረጠኝ።

«አንት ሰው፣ እስቲ እንደ ወንፈል እናርገው» አለ። «ደቦ ሲሆን ደግሰህ ትጠራለህ። ወንፈል ግን ዛሬ የእኔን ማሳ ታርማለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አርማለሁ። ኮዱም እንዲያ ይሁን።»

ቅር እያለኝ ተስማማሁ። በየእሑዱ የአንድ ሰው ኮድ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በአማርኛ እየተናገረ ያነባል፤ ሌላው ያልገባውን ይጠይቃል። ጠያቂው አላዋቂ መባሉ ቀረ፤ አራሚ ሆነ። የቀሩትም ወሬውን ሰምተው ይመለሱ ጀመር። ያለ እኔ ትምህርት ማኅበሩ መድመቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናደደኝ።

የእኔ ተራ በደረሰ ቁጥር «ለእናንተ ይሁን፣ እኔ ይቅርብኝ» እያልኩ አሳልፍ ነበር። ትሕትና መሰላቸው። ትሕትና ግን በደጄም አላለፈ። ስሕተቴን ሰው እንዳያይብኝ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን አማካይ ውጤት አስልቶ ማን ወደ ቀጣዩ ክፍል እንደተዛወረ፣ ማን እንደሚደግም የሚለይ ፕሮግራም እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ሰኔ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ርእሰ መምህሩ ስልክ ደውለው ሌላ ነገር ሲያጫውቱኝ ቆዩና፣ «ዘንድሮ ደጋሚው በዛሳ!» አሉኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሦስት ልጆች መርጬ ውጤታቸውን በእጄ ደመርኩ፤ ልክ ነበር። አራተኛውን ለመደመር ግን ፈራሁ። ስሕተት ካለ ለርእሰ መምህሩ መናገር ሊመጣ ነው፤ ከከተማው አፍ መግባት ሊመጣ ነው። ደህና ነው፣ ደህና ነው እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን ሳልከፍት ቆየሁ። ካርድ የሚሰጠው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ካለፈ ያለጥፋቱ ደጋሚ የተባለ ልጅ ካርዱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ይኸን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ከረቡዕ በፊት ባለው እሑድ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። እንደ ልማዴ «ይቅርብኝ» ስል የጋፋቱ ልጅ ተነሣ።

«አባቴ ቢሰማ ከወንፈል ያስወጣህ ነበር» አለኝ። «የሰው እያረመ የራሱን የማያሳርም ሰው ያስፈራል። ወይ ንቆናል፣ ወይ ማሳው ላይ የደበቀው ነገር አለ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ከፈትኩና ማንበብ ጀመርኩ።

«እዚህ ላይ የአንደኛውን ሴሚስተር አማካይ ከሁለተኛው ጋር ይደምራል» አልኩ። «ከዚያ ለሁለት ያካፍላል።»

ከመሀላችን ከዓረብ ሀገር ተመልሳ ኮድ መጻፍ በስልኳ የተማረች አንዲት እናት ነበረች። እጇን አነሣች።

«በሁለተኛው ሴሚስተር የገባችዋስ?» አለች። «የእኔ ልጅ ግማሹን ዓመት እብናት እናቴ ዘንድ ነበረች። እዚህ የገባችው ከጥር ወዲህ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ናት።»

«የመጀመሪያው ባዶ ይሆናላ።»

«ባዶውን ታዲያ ምን ብሎ ይደምረዋል?»

መስመሩን እንደገና አየሁት።

«ዜሮ» አልኩ።

«ኧረ አንተ! እዚህ ያልተፈተነችና የወደቀች አንድ ናቸው?»

ሁለቱን ሳምንት በሙሉ ስሸሸው የነበረው ነገር ይኸው ነበር። በእጄ የደመርኳቸው ሦስቱም ልጆች ዓመቱን ሙሉ የተማሩ ናቸው። በዓመቱ መሀል ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ሁሉ ግን አማካዩ በግማሽ ተቆርጦ ደጋሚ ሆኗል። ጥርጣሬዬን፣ የርእሰ መምህሩን ቃል፣ ዝም ማለቴን ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ የጋፋቱ ልጅ ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥቶ በእጄ አስያዘኝ።

ደወልኩ። ርእሰ መምህሩ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ካርዱ ታትሟል» አሉ።

አለቀልኝ አልኩ።

«ማኅተም ግን አልተመታበትም። ማኅተም የሌለው ካርድ ወረቀት ነው፤ ነገ ሌላ እናትማለን።» ቀጥለውም «እኔስ በዛ ብዬህ ነበር፤ ምንም ሳትለኝ ስትቀር ኮምፒውተሩ ያውቃል ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ማስተካከሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ባዶ ሲያገኝ ያለውን ሴሚስተር ብቻ እንዲወስድ አደረግነው። ፕሮግራሙን እንደገና ስናስነሣ የደጋሚዎቹ ዝርዝር ዓይናችን እያየ አጠረ። የሴትዮዋን ልጅ መስመር ፈልጌ አሳየኋት። «ትደግማለች» የነበረው «ተዛውራለች» ሆኗል።

«ባናየው ኖሮ ትደግም ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «በእኔ ጥፋት።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሷ እንደሆነች መውደቋንም አታውቅ» አለች። «ሳትወድቅ ተነሣች በለኛ!»

ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ፤ ተው ቢሉት የማይመለስ እንባ ነበር። በእጅጌዬ እየጠረግሁ ቀና አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሚያየኝ አልነበረም። ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው ቀጣዩን መስመር እንዳነብላቸው ይጠብቁ ነበር።