የሸመደድኳቸው ስልሳ ልምምዶች

ስልሳውንም የኮድ ልምምዶች በቃሌ ሸምድጃቸው ነበር። ይሄን መጀመሪያ ልናገር፣ ሌላው ጣጣ የመጣው ከዚህ ስለሆነ።

በማኔጅመንት ተመርቄ ቤት ቁጭ እንዳልኩ ስድስት ወር የሚፈጅ ነፃ የፕሮግራሚንግ ስልጠና መኖሩን ሰማሁ። የመግቢያ ፈተና አለው። ለጀማሪዎች ብለው ስልሳ ልምምድ ከነመልሱ ላኩልን፣ በቀን አንድ አንድ ሥሩ ተባልን። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር የለኝም። ጥያቄውን አነባለሁ፣ አምስት ደቂቃ አፈጥበታለሁ፣ ከዛ መልሱን እከፍታለሁ። ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ሁለቴ ሦስቴ እገለብጠዋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስክለው ድረስ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ያለፍኩት እንደዛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲንም እንደዛው። ላፕቶፑ ላይ ስህተት አለ የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከመጣ አላነበውም። ሁሉንም አጥፍቼ ከመጀመሪያው መስመር እነሳለሁ፣ ጸሎት መሀል ላይ ሲያቋርጡት እንደገና "በስመ አብ" ብሎ እንደሚጀምር ሰው።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ናት" ትላለች። ያን በሰማሁ ቁጥር ደብተሩን ትራሴ ሥር እከተዋለሁ።

ለፈተናው አስር ቀን ሲቀረው እንጦጦ መውጫው ጋ ወደምትኖር ጓደኛዬ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፣ እሷም ትፈተናለች።

"ከአንድ እስከ አስር የሚቆጥረውን ፕሮግራም እስቲ ጻፊልኝ" አለችኝ። ሳልተነፍስ ጻፍኩት።

"ጎበዝ። አሁን ከአስር ወደ አንድ አስኬጂው።"

"እሱ ልምምዱ ውስጥ የለም።"

"ለዛ ነዋ የጠየቅኩሽ።"

ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ። "አታጥፊው። እዛው ላይ አስተካክይ።"

"እንዴት?"

"አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ስሸመድድ።"

አልጋው ላይ ተገልብጣ ሳቀች። "ዲግሪሽን ሊቀሙሽ ይገባል።"

"ያንቺም ይቀማ። አብረን ነው የሸመደድነው።"

ሳቋ ሲያልቅ ግን "ፈታኞቹ እኮ አጠገብሽ ቆመው ይሄ መስመር ምን ያደርጋል ይሉሻል" አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ማልቀስ ስለማልፈልግ እስከ አዲሱ ገበያ በእግሬ ወረድኩ።

በማግስቱ ከልምምድ አንድ ጀመርኩ፣ መልሱን ሳልከፍት። ቁጥሩን ወደኋላ ለማስኬድ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሲሠራ ደስ አላለኝም፣ ሃምሳ ዘጠኝ እንደቀረኝ ነበር የማስበው። የፈተናው ቀን ሲደርስ አስራ አራተኛው ላይ ነበርኩ። ጠዋት ቁርስ አልወርድ ሲለኝ እናቴ "ምን ያስፈራሻል? ስልሳውንም ጨርሰሻል እኮ" አለችኝ።

ፈተናው ሦስት ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያውን ሳየው አወቅኩት፣ ማለቴ ያወቅኩት መሰለኝ። ልምምዱ ላይ ከተማሪዎች ውጤት ትልቁን ፈልጉ ነበር የሚለው፣ እዚህ ትንሹን ይላል። እጄ በራሱ ጻፈው። "ይበልጣል" የሚለውን ምልክት "ያንሳል" አደረግኩትና አስኬድኩት። ፕሮግራሙ ዜሮ አለኝ። ቀይ ጽሑፍም የለ፣ ምንም የለ፣ ዜሮ ብቻ።

ፈታኟ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "ዜሮ ከየት መጣ? ዜሮ ያገኘ ተማሪ የለም እኮ።"

የውጤቶቹን ዝርዝር አየሁት፣ እውነትም የለም። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ፕሮግራሙ ገና ምንም ሳያይ፣ መልሱ ዜሮ ነው ብዬ አስጀምሬዋለሁ።

"እኔ ነኝ ያስገባሁት" አልኳት።

"ለምን?"

"አላውቅም። መልሱ ላይ እንደዛ ስለነበር ነው።"

ይሄን ካልኩ በኋላ አበቃልኝ ብዬ ነበር። እሷ ግን አልሄደችም። "እሺ፣ አሁን በምን ይጀምር?" አለች።

ጊዜው እየሄደ ነው፣ ሰው ሁሉ ኪቦርዱን ያንኳኳል፣ እኔ ሁለተኛውን መስመር አያለሁ። ትልቁን ስንፈልግ ማንኛውም ውጤት ዜሮን ይበልጠዋል። ትንሹን ስንፈልግ ግን ከዜሮ የሚያንስ ማን ይመጣል? ማንም። ዜሮውን አጥፍቼ በመጀመሪያው ተማሪ ውጤት እንዲጀምር አደረግኩት። ሠላሳ ሰባት አለ። ሠላሳ ሰባት ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ከሱ የሚያንስም የለም። ፈታኟ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጽፋ አለፈች። ሁለተኛውን ጥያቄ ግማሽ አደረስኩት፣ ሦስተኛውን አልነካሁትም።

በአራተኛው ቀን ከስልጠናው ቢሮ ስልክ ተደወለ። "ተቀብለንሻል" አለኝ ሰውየው፣ "ግን በሙከራ ነው። የመጀመሪያውን ወር አይተን እንወስናለን።" ጓደኛዬ ያለ ሙከራ ነው የገባችው። ስነግራት "ገብተሻል አይደል፣ በቃ ዝም በይ" አለችኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ሰውየው ካለው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።