ኮከብ ያልተቆጠረላት ጭራቅ

ኮሌጁ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት አለች፤ ጭራቅ ይሏታል። ከጀርባዋ አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው። ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ጭራቅ ነኝ» ትላለች። መጀመሪያ የሰማ ይደነግጣል፤ ሲውል ሲያድር ግን እንደማንኛውም ስም ጠርቷት ያልፋል።

እኔ ከበሩ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳበት ጠባብ ክፍል ስላለኝ ከማንም ይልቅ አያታለሁ። ቁመቷ ወንዶቹን ከሚፈትሸው ዘበኛ ይበልጣል። ከግንባሯ ጀምሮ በግራ ዓይኗ ላይ ወርዶ አንገቷ የሚደርስ ወይን ጠጅ ምልክት አለባት፤ አብሯት የተወለደ ነው። በዚያ በኩል ፊቷ አበጥ ስለሚል ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ሥራዋ ደግሞ ሰው እንዳይሸሻት የሚያደርግ ሥራ ነው። የምትገባ ሴት ሁሉ ቀርባት፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ እጇን ማንሳት አለባት።

«ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው እዚህ የቆምሽው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው» አለችኝ። «እዚህ ግን መንገዱ በኔ በኩል ነው።»

ያደገችው ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። በጨርቅ ተጠቅልላ በሩ ላይ ተገኘች፤ ከጨርቁ ሌላ የማን ልጅ እንደሆነች የሚናገር ነገር አልነበረም። ልጆቹ ጭራቅ ሲሏት እያለቀሰች ወደ ልብስ አጣቢዋ ትሮጥ ነበር። አጣቢዋ ተረት አዋቂ ናት። በተረቷ ሁሉ ታዲያ መጨረሻ ላይ ጭራቁ ይሞታል፣ ልጆቹም ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ልጅቷ፣

«እትዬ፣ ጭራቁ ሰው የሚበላው ለምንድን ነው?» አለቻት።

«ስለሚርበው ነዋ።»

«ሌላ ነገር አይወድም?»

«እኔ ምን አውቄ። ማን ጠይቆት?»

«ማንም አልጠየቀውም?»

አጣቢዋ የጨመቀችውን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። «እንጃ ልጄ። እኔ በማውቀው ተረት የጠየቀው ሰው የለም።»

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ተወች። ስሙንም ወሰደችው። ጭራቅ ከሆንኩ አይቀር፣ ጭራቅ ምን እንደሚፈልግ እኔው እነግራቸዋለሁ አለች። ምን እንደሚፈልግ ግን ገና አላወቀችም፤ ይህ ነገር ካደገች በኋላም ሲከነክናት ኖረ።

ኮሌጁ ውስጥ ፍልስፍና የምታስተምር ቀጭን መምህርት አለች። ቦርሳዋ ሁልጊዜ በመጽሐፍ የታጨቀ ስለሆነ ፍተሻዋ ጊዜ ይወስዳል፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያ መጣ። አንድ ጠዋት ጭራቅ ቦርሳውን እያገላበጠች እንዲህ አለቻት፦

«ቲቸር፣ እኔ ቦርሳ ስከፍት የማገኘው ሰው የከተተውን ነው። የሰው ልጅስ እንደዚሁ ነው? እናቱ፣ አባቱ፣ ዘር ማንዘሩ የሆነ ነገር ከተውበት፣ ኋላ እሱን እያወጣ ነው የሚኖረው? እንደዚያ ከሆነ እኔ ውስጥ ማን ምን ከተተ?»

መምህርቷ ከኋላዋ የሚያጉረመርመውን ሰልፍ ረሳችው። «እንደዚያ የሚሉ አሳቢዎች አሉ» አለች። «ሌሎቹ ደግሞ ሰው ባዶውን ይመጣል፤ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከመረጠውና ከሠራው በኋላ ነው ይላሉ።»

«አንቺስ?»

«ክፍል ውስጥ ስቆም ሁለተኛውን አምናለሁ። ቤቴ ስገባ እጠራጠራለሁ።»

«እኔ ለመጠራጠርም ጊዜ የለኝ» አለች ጭራቅ ቦርሳውን እየዘጋች። «ሰልፉ ረጅም ነው።»

ነገሩ የተለወጠው ለጥበቃ ሠራተኞች አዲስ የደንብ ልብስ የመጣ ጊዜ ነው። ለሁሉም ሆነ፤ ለእሷ ግን እጅጌው ክርኗ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ራሱ መጣ። አጭር፣ ራሰ በራ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ማውራት የለመደ ሰው ነው። ትከሻዋን ለመለካት ከኔ በርጩማ ተውሶ ወጣበት።

«ማን ብዬ ልጻፈው?» አላት።

«ጭራቅ በለው።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ጭራቅ ኪስ ታበዛለች?»

«ታበዛለች።»

አብዝቶ ሰፋላት። ከዚያማ ኪሱ ተቀደደ እንዴ ብሎ መጣ፤ ቁልፉ ላላ እንዴ ብሎ ተመለሰ። በዓለም ላይ እንደዚያ ልብስ ቁልፍ ጤናው የተጠየቀለት ያለ አይመስለኝም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንጋባ አላት፤ እሺ አለችው።

እናቱ ብቻቸውን ያሳደጉት ሴት ናቸው። ኮከብ ሳያስቆጥሩ ቤት አይከራዩም፤ ጥርሳቸውን ለማስነቀል እንኳ ቀን ያስጠይቃሉ። ልጃቸው የጭራቅን መልክ ሲነግራቸው ብዙም አልከፋቸውም። «መልክ ይለመዳል» አሉ። «የእናቷን ስም አምጣልኝ።»

የኮከብ ቆጠራው ነገር እንዲህ ነው፦ የሰውዬው ስም ፊደላትና የእናቱ ስም ፊደላት እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ይደመርና ለአሥራ ሁለት ይገደፋል፣ ማለትም ይካፈላል፤ የተረፈው ከአሥራ ሁለቱ ኮከቦች የትኛው እንደሆነ ይናገራል። የእናት ስም ከሌለ ሒሳቡ የለም።

ሦስቱም ኮከብ ቆጣሪው ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው የሚቀበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለቱ በቀለም ተሥለዋል፤ በጉ፣ በሬው፣ አንበሳው፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም። የሆነውን ኋላ ጭራቅ ራሷ ናት የነገረችኝ።

«የእናትሽ ስም፣ ልጄ?»

«አላውቀውም፣ አባባ። ያሳደጉኝን ሴቶች ስም ግን ልነግርዎ እችላለሁ።»

«የወለደችሽ ናት የምትፈለገው።» ትንሽ አሰቡ። «ግድ የለም። እናቱ ላልታወቀ በሔዋን ይቆጠራል፤ የሁላችን እናት ናትና።»

በእርሳስ ጫር ጫር አደረጉና ፊታቸው ጠቆረ። «አቅራብ። ጊንጥ ነው፣ የውሃ ኮከብ። ልጁ ሐመል ነው፤ በግ፣ የእሳት። ውሃ እሳትን ያጠፋል። ይህች ሴት ባሏን ትቀብራለች።»

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አላልኩህም?»

ጭራቅ ግን አልተነሳችም። «አባባ፣ ሔዋን የሁላችን እናት ናት ብለዋል። እስቲ የእማማንም በሔዋን ይቁጠሩልን።»

«እሳቸው የታወቀች እናት አላቸው።»

«እንግዲያው ሔዋን እናት የምትሆነው ለኔ ብቻ ነው?»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ነገር አናክብድ። አንድ የእናት ስም ምረጪ። ሁለት ሦስቱን ብንሞክር ከበጉ ጋር የሚስማማ አይጠፋም።»

«ምናለበት» አለ ልብስ ሰፊው። «ስም ብቻ እኮ ነው።»

ያን ሲል አንድ ነገር ውስጧ ቀዘቀዘ። «አንዲት ሴት በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣኝ ሄዳለች» አለች። «ትሙት ትኑር አላውቅም። ስለ እሷ ያለኝ ነገር ቢኖር ይኼ አለማወቄ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በሌላ አልቀይረውም። ለኮከብ ብዬ የሌለች እናት አልወልድም።»

ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። አንዱ ሥዕል ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ ነው፤ ቀስት ይዟል። ሌላው ፍየል ሆኖ ሳለ የዓሣ ጅራት አለው።

«እማማ፣ እነዚህን ያዩዋቸዋል?» አለች። «ግማሽ ፈረስ፣ ግማሽ ዓሣ። ሰማይ ላይ ሲሆኑ ኮከብ ናቸው፤ በር ላይ የቆምኩት ግን ጭራቅ ነኝ። እነሱን ለምክር የሚጠይቅ ሰው እኔን ሊንቀኝ አይገባም።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «አንተ ቅር ያለህ ነገር ካለ ራስህ ንገረኝ፤ ካንተ አፍ እሰማለሁ። ከግድግዳ ግን አልሰማም።»

ጥላቸው ወጣች።

ልብስ ሰፊው ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዝናቡ ገባ፤ ጭራቅ ፕላስቲክ ደርባ ቦርሳ መፈተሿን ቀጠለች። «አለቀስሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ዓይኗ ቀልቶ አይቼ።

«አለቀስኩ። ታዲያስ? አልቅሼ ሳበቃም ስም አልሰጠኋቸውም።»

ለመምህርቷ ግን ሌላ ነገር ነገረቻት። እኔም እዚያው ነበርኩ። «ቲቸር፣ ጭራቅ የሚፈልገውን ደረስኩበት» አለች።

«ምንድን ነው?»

«እንዲጠየቅ። መልሱንም ራሱ እንዲሰጥ። ያን ቀን ሁሉም ጠየቁኝ፤ ግን መልሱን ይዘው ነበር የመጡት።»

መምህርቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ይህን ክፍል ውስጥ ልንገራቸው?» አለች። «ንገሪያቸው፤ ግን እንዳታሳምሪው» አለቻት።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት የሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ቀና ብዬ ሳይ ልብስ ሰፊው ትልቅ ሻንጣ ይዞ በተማሪ ሴቶች መካከል ተሰልፏል። ተራው ሲደርስ ሻንጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ወንዶች በዚያ በኩል ናቸው» አለች ጭራቅ፣ በሥራ ድምጿ።

«አውቃለሁ።»

ሻንጣውን ከፈተች። መቀስ፣ ካውያ፣ ሸሚዞቹ፣ የመላጫ ዕቃው ሁሉ እዚያ ነው። «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ቤት ተከራየሁ። እማዬ ተቆጥታለች።»

«ጊንጧ ትቀብርሃለች ተብሏል።»

«ስሞት መቼም አንድ ሰው መቅበሩ አይቀርም። አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። «ስም ብቻ እኮ ነው ያልከውስ?»

«ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ትንሽ እፈራለሁ። ግን የመጣሁት ኮከብ አስቆጥሬ አይደለም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እጅህን አንሳ» አለችና ፈተሸችው፤ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ኪሱን ሳይቀር። «እለፍ» አለችው ስትጨርስ።

ሲጋቡ ምስክሮቹ መምህርቷና እኔ ነበርን። እናቱ አልመጡም።

ጭራቅ ግን እሁድ እሁድ አማቷ ቤት መሄድ ጀመረች፤ ብቻዋን። ሴትዮዋ በር ይከፍታሉ፤ በር መክፈት ግዴታ ነውና። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ልብስ ይጥፋሉ። እሷ ትቀመጣለች፤ የሳምንቱን ወሬ ለጀርባቸው ታወራላቸዋለች፤ ሲበቃት ተነሥታ ትወጣለች።

«ያልጠሩሽ ቤት ምን ያንከራትትሻል?» አልኳት።

«ሳልጠራ መምጣት የለመድኩት ነው። ወደዚህ ዓለምስ ማን ጠርቶኝ መጣሁ? የሚጠሉኝ ከሆነ እያዩኝ ይጥሉኝ እንጂ ከሒሳብ ተነሥተው አይሆንም።»

እንዲህ እያሉ ከረሙ። በአንድ ደመናማ እሁድ ክፍሉ ሲጨልምባቸው እናት መርፌያቸውን አስቀመጡና፣ ሳይዞሩ፣ «ቁመትሽ አምፖሉ ጋ ይደርሳል?» አሉ።

«ይደርሳል። ማንን ነው የጠየቁት ግን?»

«እዚህ ቤት ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«አንቺ የሚባለው ብዙ ነው፣ እማማ። ስፈትሽ ስውል ሁሉንም አንቺ ስል ነው የምውለው።»

እሷም አልተነሣች። ሴትዮዋ ክሩን ቋጠሩ፣ ፈቱት፣ መልሰው ቋጠሩት። በመጨረሻ፣ ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ እየታገላቸው፣

«ምራቴ» አሉ።

ጭራቅ ተነሣች፤ ወንበር ሳያስፈልጋት የተቃጠለውን አውጥታ አዲሱን አስገባች። ክፍሉ በራ። አማቷ መጀመሪያ አምፖሉን፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ፤ ዓይናቸውን ቶሎ አልመለሱም።

«የማድ ቤቱም ተቃጥሏል» አሉ።