ቲቸር ዌስትድ

እማዋይሽ ወረታ ገበያ ሩዝ ስትሸጥ ባሏ መንግሥቴ በዚያ ያለፈ እንደሆነ ተማሪዎቹ ከወዲያ ከወዲህ «ቲቸር ዌስትድ» ይሉታል። እሱም እጁን አንሥቶ ፈገግ ይላል። ፊደል ያልቆጠረችው እማዋይሽ ይህን የማዕርግ ስም ታደርገው ነበር። የእንግሊዝኛ መምህር አይደል? ከፎገራ ገበሬ ልጆች በፈረንጅ አፍ አንደበቱ የተፈታ ስንቱ ነው?

መጠጡንስ ታውቀዋለች። የጀመረው በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ነው። ጠላ እንኳ ቀምሶ የሚተው ሰው፣ ሥራ ሲፈታ ረፋዱን አረቄ ቤት መዋል ለመደ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም ጢምቢራው ዞሮ ክፍል የገባበት ቀን እንዳለ ሰምታለች። ሰምታም ዝም፤ ገበናዋን በጓዳዋ የምትይዝ ሴት ናት።

የማርያም ማኅበር ጎረቤቷ ይርጋለም ቤት የተጠጣ ለት ሴቶቹ የባሎቻቸውን ወግ አነሡ። አንዷ ባሏ ቀበሌ ላይ መመረጡን አወራች። እማዋይሽም ከማን አንሼ ብላ፣ የእኔውንማ ተማሪዎቹ ዌስትድ ብለው ሾመውታል አለች። ጠላ ትቀዳ የነበረችው የይርጋለም ልጅ ሰርክ፣ የመንግሥቴ ተማሪ ናትና፣ ሳቋ አመለጣት፤ ደንግጣም ወደ ጓዳ ገባች። ሴቶቹ ምኑም አልገባቸውም። እማዋይሽን ግን ያ ሳቅ እቤቷ ድረስ ተከተላት።

ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ፣ ባሏ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ጠየቀችው።

«ዌስትድ ማለት ምንድር ነው?»

ጫማውን አልጋው ሥር ገፋ አደረገ። «የሰከረ ማለት ነው» አለ። «የፈረንጅ አራዶች እንዲያ ይላሉ። ቃሉ ሲፈታ ግን የባከነ ነው፤ ያለ ጥቅም የፈሰሰ።»

«ማን አስተማራቸው?»

«እኔ።»

ያኔ መጠጥ ሳያውቅ፣ ክፍሉ ሲያንቀላፋበት፣ ፈረንጆች ሰካራምን የሚጠሩበትን የጨዋታ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፍላቸው እንደነበር ነገራት። በመዶሻ የተመታ፣ የደቀቀ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የከረመ እያለ ይፈታላቸዋል፤ እኛስ ሞቅ አለው፣ ጥምብዝ አለ እንል የለ እያለ ያስቃቸዋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርቱ ልጆቹ አጥብቀው የያዙለት ይህንኑ ሆነ።

አልተቆጣችውም። በማግስቱ ጣራ ገዳም ይዛው ወጣች፤ መነኩሴ ፊት ቆሞ መጠጥ ላይቀምስ ማለ። ጾሙን ሙሉ አፉ ላይ አላደረሰም፤ ፋሲካንም በውኃ አለፈ። ተማሪዎቹ ግን በዚያው ስም መጥራታቸውን አልተዉም። እሷ ደግሞ አሁን ትርጉሙን እያወቀች ሩዟን ትሰፍራለች። አንድ ቀን አልቻለችም፤ ከጠሪዎቹ አንዱን አስጠግታ ባሏ መጠጥ ከተወ መክረሙን ነገረችው።

ልጁ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «እናውቃለን እትዬ» አላት። «ስሙ ሆኖ ነው እንጂ።»

መንግሥቴ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አንበሳሜ፣ ዝውውር ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ክረምቱ አልፎ፣ ትምህርት ተጀምሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሲመጣ ገና ከደጃፉ አረቄው ሸተታት። ስሙ እዚያም ቀድሞት ደርሶ እንደሁ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ራቱን አቀረበችለት፤ በልቶ ተኛ። እሷ ከልጆቿ ጋር ተኛች፤ ከዚያ ወዲህም መኝታዋ እዚያው ሆነ።