የጋሽ ይመር ጅግራ

ጠልሀ ይመር ዳውንታውን ዴንቨር ባለ ሰባት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ተቀብሎ የሚያቆም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ አውጥቶ የሚያስረክብ ሠራተኛ ነው። ሥራው ቀላል የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክረው። አጠገባችን ባለው ሆቴል ሠርግ ወይም ስብሰባ ያለ ቀን አራት መቶ መኪና ይገባል። ጠልሀ ትኬት አያይም። እንግዳው ከሊፍት ሲወጣ ፊቱን አየት ያደርግና «ግራጫ ቶዮታ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ከምሰሶው ጀርባ» ብሎ ይሮጣል። እኔ ሀብቱ በሩ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ስምንት ዓመት ትኬት ስቆርጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳት አላየሁም።

ጠባዩ ለስላሳ ነው፤ ልስላሴው አንዳንዴ እኔን ያናድደኛል። ሰው መኪናውን ራሱ ገጭቶ መጥቶ ሲጮህበት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ተወልዶ ያደገው መርካቶ፣ በአባቱ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። በዲቪ መጣ፤ ሰሊማን አገባ፤ እሷ እንግልውድ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። እናቱ ሲሞቱ አባቱን ጋሽ ይመርን አስመጥቶ፣ ኦሮራ ውስጥ ከኢስት ኮልፋክስ ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው አስቀመጣቸው። ልጅ አልወለዱምና የቤቱ ሽማግሌም ልጅም ጋሽ ይመር ነበሩ። ጠልሀ ጥፍራቸውን ይቆርጥላቸዋል፣ ጫማቸውን ያስርላቸዋል፣ ሥራ ላይ ሆኖ በቀን ሦስቴ ይደውልላቸዋል።

በፈረንጆቹ 2008 በጋ ላይ ጋሽ ይመር ታመሙ። ጨጓራ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ፣ ኢድ ባለፈ ሰሞን ወደ ቤት መለሷቸውና «ያማራቸውን ስጧቸው» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ችግሩ ምንም አላማራቸውም። ሰሊማ በኮልፋክስ ያሉትን የሐላል ሥጋ ቤቶች አዳርሳ ዶሮውንም ቅልጥሙንም ብትሠራላቸው፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ስድስት ቀን ሆናቸው። በሰባተኛው ቀን «ጅግራ ቢሆን ትንሽ እቀምስ ነበር» አሉ። ልጅ ሆነው ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ፣ በወጥመድ ይዘው በእጃቸው እያረዱ ጠብሰው የሚበሉትን ማለታቸው ነው።

ጠልሀ ይህን ሲነግረኝ እንባው ይወርድ ነበር። «ከየት ላምጣ ሀብቱ? እዚህ አገር ጅግራ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ያን ጊዜ አፌን ብይዝ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። «እኔ አውቃለሁ» አልኩት።

ካገሬ ይዤ የመጣሁት ሙያ ተኩስ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ። እዚህም የአደን ፈቃድ አውጥቼ በየዓመቱ መከር ላይ ወደ ተራራው እወጣለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሀብቱ ወፍ ሊጠብቅ ሄደ» እያሉ ይስቁብኛል። የማድናት ወፍ አሜሪካኖቹ ግራውስ ይሏታል። ከኛ ጅግራ ብትገዝፍም አረማመዷም ሥጋዋም ብዙ አይርቅም። ጋሽ ይመርን የሚያስከፋ ልዩነት አልታየኝም።

ግን አንድ ነገር ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ። የእኔ እጅ የገደለውን እነሱ አይበሉም፣ የእነሱ እጅ ያረደውን እኔ አልበላም፤ ለቅሶና ሠርግ አብረን ስንደርስ የኖርነው በዚህ ደንብ ነው፣ ማንም ተቀይሞበት አያውቅም። ጠልሀ ራሱ እንዳይተኩስ ደግሞ የአደን ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሚሰጠው ኮርስ ለወሰደ ነው፤ ጋሽ ይመርም ኮርስ እስኪያልቅ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ጠልሀ መስጊድ ሄዶ ሼሁን ጠየቃቸው። «ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰህ፣ ቢስሚላህ ብለህ ካረድካት ሐላል ናት። ሞታ ካገኘሃት ተዋት» አሉት። ስለዚህ እኔ አቆስላለሁ፣ እሱ ሮጦ ያርዳል። ዕድሜዬን ሙሉ አጥርተህ ምታ ስባል ኖሬ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ አበላሽተህ ምታ ተባልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሰባ ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ወጣን። ጠልሀ ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቆ፣ በስኒከር ጫማ፣ የሰሊማን የወጥ ቤት ቢላ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። እኔ የምሄድበት ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቀጫጭኑ ዛፍ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ትከሻ አያሳልፍም፤ ከሥሩ እሾህና የወደቀ ግንድ ሞልቶበታል። ወፏም የምትወደው ይህንኑ ነው። አጠገቧ እስክትደርስ ዝም ትልና ከእግርህ ሥር ቱር ብላ ስትነሣ ልብህ አብሮ ይነሣል።

የመጀመሪያዋ ስትነሣ እጄ እኔን አላማከረም። ተኮስኩ፤ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ጠልሀ ቢላውን መዝዞ ደረሰባት። ጭንቅላት የሚባል ነገር አልቀራትም። «አለች?» አለኝ።

ሁለተኛዋን እንዳልገድላት ስጠነቀቅ ጭራሽ ሳትኳት። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አላገኘንም። ጠልሀ አልደከመኝም ይላል፣ ግን ሱሪው ተቀዶ ጉልበቱ ይደማል። ሰማዩ ጠቆረ። ሦስተኛዋ ከአንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተነሣች። በዚህ ጊዜ ክንፏን መታኋት፤ ተንከባለለችና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። «ሩጥ» አልኩት።

ሮጠ ማለት ይከብዳል፤ በሆዱ ነው የገባው። ወፏ አትታይም፤ ግን ክንፏ መሬቱን ሲመታ እንሰማለን። በግራ ነው ስንል በቀኝ ይሆናል። አራት መቶ መኪና መሀል አንዷን የማያጣ ሰው፣ በሃያ እርምጃ ላይ ያለች ወፍ አጣ። እኔም ጠመንጃውን ጥዬ እየዳህኩ ገባሁ፤ በጠመንጃ የሚሠራ ነገር አልቀረም። ዓይኔ ሥር እሾህ ወጋኝ። ድምፁ እየዘገየ መጣ። ቆም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ጠልሀ «ቆይ፣ ቆይ፣ መጣሁ» ይላል፤ ለወፏ ነው የሚናገረው። ከዚያ የክንፏ ድምፅ ጠፋ። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ያስጨነቀኝ የለም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የበሰበሰ ግንድ ሥር አገኛት። ትሞቃለች፣ ግን አንገቷ ተዝለፍልፏል። ጠልሀ ተንበርክኮ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለና አረዳት። ደም አልፈሰሰም። ቢላው ጫፍ ላይ አንዲት ወፍራም ጠብታ ብቻ ቀረች።

«ትንሽ ነፍስ ነበራት፣ አይደል?» አለኝ። «እግሯ ሲንቀሳቀስ አላየህም?»

አላየሁም። «አይቻለሁ» አልኩት። ፊቱን ያየ ሰው ሌላ መልስ አይወጣውም። በረዶ መጣል ጀመረ፤ ብርሃኑም ስለሄደ ሌላ ለመፈለግ አልተቻለም። ስንወርድ ስልኩ ኔትወርክ አገኘ። ሰሊማ «ቶሎ ኑ፣ እየጠየቁህ ነው» አለችው።

ጋሽ ይመር ትራስ ተደግፈው ጠበቁን። «አሳዩኝ» አሉ። ጠልሀ ጭናቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ወፏን አስቀመጠላቸው። ደረቷን ዳሰሱ፣ ጅራቷን እንደ ማራገቢያ ዘረጉት፣ ፈገግ አሉ። ከታመሙ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ጣታቸው ወደ አንገቷ ሄደ። ላባውን ገለጥ አድርገው የታረደችበትን ነኩና ጣቶቻቸውን አፋተጉ። በነፍሷ የታረደች ወፍ ላባዋ በደም ይርሳል። ይህ ደረቅ ነበር።

«በእጅህ ነው?» አሉት።

«በእጄ ነው አባባ። ቢስሚላህ ብዬ ነው ያረድኩልዎት።»

«ነፍሷ ሳይወጣ?»

ጠልሀ ዞር ብሎ አየኝ። «ሳይወጣ። ሀብቱም አይቷል» አለ።

ጋሽ ይመር ወደ እኔ ተመለከቱ። ዓይናቸውን መቋቋም አቅቶኝ ወለሉን አየሁ። እሳቸው የልጃቸውን የተቧጠጠ እጅ አንሥተው ሳሙት። «ደክመሃል ልጄ» አሉ።

ሰሊማ ገንጥላ፣ አጥባ፣ በቅቤ ጠብሳ አመጣችው። ቤቱ በጥብሱ ሽታ ተሞላ። ጠልሀ ከደረቷ ቆንጥሮ ወደ አፋቸው አቀረበላቸው። ጋሽ ይመር ምራቃቸውን ሲውጡ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ያን ያህል ቀን ምንም ያልፈለጉት ሰው ርቧቸው ነበር። የልጃቸውን እጅ ቀስ ብለው መለሱት።

«ሽታው አጠገበኝ። ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥሎ ሰሊማን «እናንተ እንዳትነኩት፤ ሁሉንም ለሀብቱ ቋጥሪለት። እሱ ነው የደከመው» አሏት። ልጃቸውና ምራታቸው እንዳይበሉት ነበር። ይህን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ክፍሉ ውስጥ ያወቀ የለም። ቋጠሮውን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በማግስቱም ጣልኩት።

ረቡዕ ዕለት ዐረፉ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲመጣ ጠልሀ ለሁሉም ያው አንድ ነገር ነው የሚያወራው። «አባቴ ጅግራ አማረኝ አሉኝ። አመጣሁላቸው። ጠግቤያለሁ ብለው ነው የሄዱት» ይላል፣ ፊቱ እየበራ። ሰዎቹ ምን ዓይነት መታደል ነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን ይሉታል። አሁንም ድረስ ሥራ ቦታ አዲስ ሰው ሲቀጠር ይነግረዋል። ነግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ክፍል ይጠቁማል።

«ሀብቱ አብሮኝ ነበር፤ እሱን ጠይቀው» ይላል።

ሰውዬውም መጥቶ ይጠይቀኛል።

«አዎ፣ ጠግበው ነው» እላለሁ።