ባትሪውን ያሰረው እጅ

ያላጠፋሁትን አጥፍተሃል ተባልኩ። ማንበብ በማልችለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አስጭነው ለቀበሌ እስር ቤት ሰጡኝ። ይህን ያደረገብኝ ደግሞ ጠላቴ አይደለም፤ መፍቻ አያያዝ ያስተማረኝ፣ ምሳውን እኩል ያካፍለኝ የነበረ አለቃዬ ነው።

ባለፈው ሰሞን ወደ እንጦጦ ፓርክ በሚወስደው ዳገት ላይ አንዲት መኪና ፈልታ ቆማ አየሁ። የመጡባት ልጆች አጠገቧ ፎቶ ይነሳሉ። እኔን ያቆመኝ ሽታው ነው፤ ዝገት ዝገት የሚለው የራዲያተር እንፋሎት ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ውሃ ልስጥዎት?" አለኝ አንደኛው። ውሃ አልነበረም የጠማኝ።

ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። ሲግናል አካባቢ በነበረ ጋራዥ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ክፍል ብቻዬን የምኖር፣ ፊደል ያልቆጠርኩ መካኒክ ነበርኩ። ሰዉ ቤንዚን በኩፖን በሚሰለፍበት ዘመን አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ የስፖርት መኪና ገዛ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይተናነስ። ርክክቡ እኛ ጋራዥ ሆነ። አለቃዬና ገዢው ሲጨዋወቱ ፈረንጁ በጣቱ ጠራኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪው ላይ ያለውን የመስቀል ምልክት፣ ፖዘቲቩን፣ ነካ፤ ከዚያ የመኪናዋን ቦዲ መታ መታ አደረገ። በሌሎቹ መኪኖች ከቦዲ ጋር የሚታሰረው የሰረዙ ወገን ነው፤ የዚህች ግን የመስቀሉ ነው ማለቱ ነበር። ቋንቋ አልነበረንም፤ ግን ገባኝ። ደግሞ አሳየኝና ትከሻዬን ነክቶኝ ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ባትሪው ሞተ። አለቃዬ አዲስ አምጥቶ እንደ ልማዱ ሰረዙን ከቦዲው ጋር አሰረ።

"ጋሼ፣ የዚህችስ ተገላቢጦሽ ነው። መስቀሉ ነው ከቦዲው የሚታሰረው" አልኩት።

"መስቀሉ?" አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። "ስሙልኝ እስቲ፣ ባትሪ ሊያሳልመኝ ነው! አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሀ በል!"

ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ የገዛ ሳቄ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና እየሄደች ዳገት ስታይ መፍላት ጀመረች። መብራቷም በየቀኑ እየደከመ መጣ። አለቃዬ ራዲያተሩን አጠበ፣ የውሃ ጎማዎቿን ቀየረ፣ ዲናሞዋን ፈታ። አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሁለታችን ልንሞክራት ወደ እንጦጦ ወጣን። ገና ጫካው መሃል ሳንደርስ ፈላች።

አለቃዬ ሞተሩን ሳያጠፋ ሁለታችንም ወረድን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ከዛፎቹ ጠብ ጠብ ይላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ ከራዲያተሩ ፊት ያዝኩ። ከኋላ ያለው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ስቦ ቅጠሉን ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ቅጠሉ ከጣቴ አምልጦ ፊቴ ላይ መጣ። ኮረንቲው ተገልብጦ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይዞራል ማለት ነው።

"ይኸው ጋሼ፣ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው።"

ራሱ ቅጠል ቀጠፈና ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። በዚህ መሃል ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ፤ ሮጬ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፤ ሽቦው ግን ነዶ ነበር። አለቃዬ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ልጆች አሉኝ እኮ" አለ። ለእኔ ሳይሆን ለዛፎቹ የሚነግር ነበር የሚመስለው። ያኔ አልገባኝም።

ሞተሩ እንደጠፋ ቁልቁለቱን ለቀቃት። የፍሬኑ ሲጢጥታ ብቻ ይሰማል።

ባለመኪናው ጋራዡ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። "ማነው ያቃጠላት? ይሄ አሻጥር ነው!" ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ይበላ ነበር። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ መፍቻ እየለቀመ፣ "ልጁ ነው" አለ።

ወረቀቱንም የጻፈው እሱ ነው። እጅ ጽሑፉ ውብ ነበር። "ስትሠራት ተበላሸች ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም፤ ፈርም" አለኝ። አመንኩት። ምን እንደሚል የሰማሁት ቀበሌ ሲነበብልኝ ነው፦ "ባትሪውን ያለ አለቃዬ ፈቃድ ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

ሦስት ሳምንት ታሰርኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስንቅ ሲገባ ስሜ አይጠራም። ስወጣ የአካባቢው ጋራዥ ሁሉ "ያ መኪና አቃጣዩ?" እያለ በሩን ዘጋብኝ። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ከእናቶችና ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሌላው ስሙን ለመጻፍ ይጣደፋል። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት "ባትሪ" የሚለውን ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ከሲግናል ከፍ ብዬ በከፈትኳት ትንሽ ጋራዥ እየሠራሁ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመ። አለቃዬ ነው። በሽታ ቀኝ እጁን አንቀጥቅጦታል። ያንኑ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ቀበሌው ለጋራዡ መልሶት ኖሯል።

"አንብብልኝ" አለ።

ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

"ጥሩ ታነባለህ።"

"ይህን ውሸት ለማንበብ ነው የተማርኩት።"

የወረቀቱን ግርጌ አሳየኝና፣ "ከሥሩ ጻፍበት፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል" አለ። "'ባትሪውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ነግሮኝ ነበር፤ ስቄበታለሁ' በል።"

"ልጁ ልበል?"

"ስምህን ጻፍ።"

ስሜን ጻፍኩ። ፊደሎቼ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ፤ የሱ እጅ ጽሑፍ ከላይ ሆኖ ያየኛል። ብዕር ብሰጠው ከጣቱ ወደቀ።

"ጋሼ፣ አውራ ጣትዎን ያምጡ" አልኩት። የሞተር ዘይት አስነክቼ ከእኔ አሻራ ጎን ተጫንኩለት። ጣቱ ቀሎኝ ነበር፤ እንደ ደረቀ ቅጠል።

ይቅርታ አላለኝም። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ቁልቁለቱን ክንዴን ይዞ ወረደ፤ አውቶቡስ አሳፈርኩት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ። ከሁለቱ አሻራዎች ሥር ቀኑን በእጄ ጽፌበታለሁ፦

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.