ሦስት ጊዜ የተፈታችው የቁልፍ ቀዳዳ መስሪያ

የላምባ ሽታ ከስፌት መኪና ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ድንገት አፍንጫዬ ሲገባ፣ ዛሬም ልቤ ያለ ምክንያት ይሸበራል። አሥራ አንድ ዓመቴ ይሆንና ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ በነበረችው ቤታችን፣ ወንድሜ በር በሩን የሚያየው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬው በር በሩን አያለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ኃይሉን ያሳደገችን በእግር በምትረገጥ አሮጌ መኪና ነው። ከመኪናዋ ጋር ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የብረት ዕቃ ነበረች፤ መርፌው ሥር ስትታሰር ጨርቁን እያዟዟረች የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። በበጋ የፒያሳ አቧራና የክር ብናኝ ይሞላባት፣ በክረምት ዝገት ይይዛት ስለነበር፣ ኃይሉ በየወሩ ብሎኖቿን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎና አድርቆ ዘይት ጠብ ያደርግባት ነበር። ከእሱ በቀር ማንም አይነካትም።

ያን ዓመት ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ፣ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ እንደወጣች፣ ኃይሉ ጋዜጣ አነጠፈና ጠራኝ።

«ዛሬ የምትፈቻት አንቺ ነሽ።»

ደስ አለኝ፤ ግን አልቆየም። አንድ ብሎን ባሳሳትኩ ቁጥር ሁሉንም በትኖ «እንደገና!» ይላል፤ ተነስቶ እስከ በሩ ይሄዳል፣ መንገዱን አይቶ ይመለሳል፣ ሳይቀመጥ ደግሞ ይነሳል። ዘይት ሳበዛ እጄን ያዘኝ።

«አንድ ጠብታ ብቻ! ከዚያ ዘይቱ ጨርቅ መንካት እስኪያቆም ብጣሽ ላይ አሠሪያት፤ አለዚያ የሰው ነጭ ሸሚዝ ታበላሻለች።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲበትናት አለቀስኩ። «ለምን ራስህ አትሠራትም?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከቀበሌ የተሰጠው የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት እንዲቀርብ ይላል።

«እማዬ ታውቃለች?»

«ካወቀች ትደብቀኛለች። እኔን ስትደብቅ እሷን ያስሯታል። እንዳትነግሪያት፣ ሮማን። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት መምህሯ የምትለው አንድም አልገባኝም። ቤት ገብቼ እናቴን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ እሷም ግንባሬን እየዳሰሰች «አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች። ማክሰኞ ኃይሉ እንደወትሮው ሥራ ፍለጋ የሚወጣ መስሎ ሄደ። እናቴ ረፋዱ ላይ ከጎረቤት ሰምታ፣ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወደ ቀበሌው ሮጠች፤ ልጆቹን የጫኑት መኪኖች ግን ቸርችል ጎዳናን ወርደው ሄደው ነበር። ተመልሳ ፊቴን ስታየው ገባት።

«አውቀሽ ነበር?»



አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ዘጋችኝ። ክረምቱ በሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እሷ ወደ ደጅ፣ እኔ ወደ እሷ እያየን አለፈ። ነሐሴ መጨረሻ፣ የተማሪዎች ዩኒፎርም በተከመረበት ሰሞን፣ ያቺ ዕቃ ዝጋ አልንቀሳቀስ አለች። እናቴ ልትፈታት ስትታገል ብሎኖቹ መሬት ላይ ተበተኑ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እኔ ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ላምባውን ቀድቼ፣ ፈግፍጌ፣ አድርቄ፣ አንድ ጠብታ ብቻ ዘይት ሰጥቼ ገጠምኳት። ብጣሹ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ዘይት ነካቸው፤ አራተኛው ንጹሕ ወጣ። እናቴ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ ነው ያስተማረሽ?»

«አዎ። ሦስት ጊዜ በትኖብኝ።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣችና ወደ ራሷ ጎትታ አቀፈችኝ፤ ኃይሉ ከሄደ ወዲህ ስታቅፈኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኃይሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ግራ እግሩን እያነከሰ ተመለሰ። እናቴ ለምን እንዳልነገራት አንድም ቀን ሳትጠይቀው ሞተች።

ያኔ ምስጢር መጠበቄ ትልቅ ሰው ያደረገኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ፤ የሚሄድበትን ይነግረኛል፣ ሲያመሽም ይደውላል። ከታናሽ እህቱ ጋር ሲንሾካሾኩ ከሰማሁ ግን የያዝኩትን ጥዬ እነሳለሁ። ደርሼ ስሰማቸው ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት።