የሁለተኛው ክፍል መሠረት

የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ተኝቶ ይበላል ይባላል። ውሸት ነው። ተኝቶ የሚያድረው ተከራዩ ነው፤ አከራይ ደመና ባየ ቁጥር ስለ ቆርቆሮው የሚጨነቅ ሰው ነው። ቤት አከራይቶ ስለ መክበር የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ስለ ቦታ ምርጫ፣ ስለ ጥገና፣ ስለ መጥፎ ተከራይ በሰፊው ያትታሉ። ስለ አበልጅ ግን አንድም መስመር አላገኘሁባቸውም።

ልጅ እያለሁ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እናቴ ዝማም፣ ሰቆጣ ከተማ ባለው ግቢያችን ጥግ አንድ ክፍል አሠራች። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ ገበያው መንገድ። ፀሐይ ሲመታው ከጭቃው ምርጊት የሚወጣው የጭድ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ዕቅዷ ቀላል ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል ኪራይ ሁለተኛውን ያሠራል፣ ሁለተኛው ደግሞ የእኔ ይሆናል። አራት ልጆች በአንድ መደብ ላይ ለምንተኛው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ችካል ተተከለ፣ ሲባጎ ተወጠረ። በሲባጎው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ እጫወት ነበር። ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አልወድም ነበር፤ በሩ ገና አለመኖሩ ለእኔ ምክንያት አልነበረም።

አንደኛውን ክፍል እዚያው አካባቢያችን ካለችው ከዝቋላ ወረዳ የመጣች ፀዳለ የምትባል ወጣት ተከራየችው። ባሏ የመንገድ ሥራ ቀን ሠራተኛ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ጥቂት ወራት እንደቆየች ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ክፍሉን ለመጋዘን ፈለገው።

«የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ እሰጥሻለሁ» አላት እናቴን። «ያንን መሠረት ቤት ታደርጊበታለሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ አስለቅቂልኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው፤ እንዴት አድርጌ ውጪ እላታለሁ?»

«ቤቱ የእግዜር ከሆነ ኪራዩን የምትቀበዪው አንቺ ምኑ ነሽ? ወኪሉ?»

እናቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ሲጣራ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ከሚያስገባ ቤት ያደገች ሴት፣ ሰው ማስወጣት ከየት ትማረው? ቢሆንም ሞከረች። የምትናገረውን በአማርኛ አዘጋጀች፤ እንዲህ ያለ ነገር የቢሮ ቋንቋ ይፈልጋል ብላ መሰለኝ። ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ፀዳለ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ተቀበለቻት፣ እናቴም በኽምጣና መለሰች፣ በኽምጣና ደግሞ ስለ ቤተሰብ ጤንነት እንጂ ስለ መልቀቅ አልተዘጋጀችም ነበር። ምስር ለቅማላት ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን የፀዳለ እግር ማበጡን ሰምታ መጣች፤ ወሯ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስትሄድ ምጥ ላይ አገኘቻት።

ሴት ልጅ ተወለደች። ሰይድ ትንሽ ታገሠ። ሰማንያው ሊደርስ ሲል ፀዳለ ሕፃኗን ታቅፋ በራችን ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ክርስትና ያንሱልኝ።»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ መሠረቱን። ከዚያ «እሺ» አለች።

ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። አበልጅ አይባረርም፤ ኪራይም አይጨመርበትም፣ ቢያዘገይም አይጠየቅም። ሰይድ እናቴ ነጭ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አገኛትና «ተከራይ ነበረሽ፤ ዛሬ ዘመድ ሆነችብሽ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከሰርሽ!» ብሎ ሌላ ቦታ ተከራየ። ጎረቤቱ ፀዳለን ብልጥ ናት አላት። ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ችካሎቹ ማገዶ መሆናቸውን ነው። ሲባጎው የልብስ ማስጫ ሆነ፣ መጀመሪያ የተሰጣበትም የሕፃኗ ጨርቅ ነበር። እኔ ሕፃኗን ለማየት እንኳ እምቢ አልሁ። እሷ ግን ዳዴ ማለት ስትጀምር ግቢውን ተሻግራ ቀጥታ ወደ ክፍሌ፣ ወደ ባዶው መሠረት መጣች። ሳታንኳኳ ገባች።

ያ ክፍል አሁን አለ። ባለፈው ዓመት በዚያው መሠረት ላይ አሠራሁትና አከራየሁት። ያኔ ኪራይ በቃል ነበር፤ አሁን በሦስት ኮፒ የተፈረመ ውል አለኝ። አንዱ አንቀጽ ተከራይ አከራይን ክርስትና አንሺልኝ ብላ እንዳትጠይቅ ይከለክላል።

«እህቴ» አለኝ ደላላው አንብቦ፣ «ይሄን ዳኛ ፊት ብታቀርቢው ዳኛው ራሱ ተነሥቶ ያነሣላታል።»

ተከራይዋ የአበርገሌ ልጅ ናት። ፈረመች፤ ከዚያ ሴት ልጅ ወለደች። ውሉን አክብራ እስካሁን ምንም አልጠየቀችኝም። ውሉን ያልፈረመችው እናቴ ናት። ትናንት ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ማተቡን ገዛሽ ወይ?» አለችኝ።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እስክትጠየቂ ትጠብቂያለሽ?»

እዚህ ላይ «ከገንዘብ ሰው ይበልጣል» ብሎ የሚጨርስ ጸሐፊ አለ። እኔ ገና ሁለት ክፍል የመሥራት ዕቅድ አለኝ። ስለዚህ ሰቆጣ ውስጥ ባዶ ክፍል ያለህ አንባቢ፣ ተከራዬን ውሰድልኝ። ጸባይዋ ጥሩ ነው፣ ኪራይ አታዘገይም፣ ሕፃኗም አታለቅስም። ቶሎ በል፤ ሰማንያዋ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።